ከጉድጓዱ ጭራቅ ይልቅ ስላስደነገጠን ባርኔጣ

ለተከበሩ የሰፈራችን የወጣቶች ማዕከል ኃላፊ
ባሉበት

ክቡርነትዎ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን ጤና፣ የቤተሰብዎን ጤና፣ በተለይም የቀኝ ክንድዎን ጤና እጠይቃለሁ፤ ባለፈው ቅዳሜ ለረጅም ጊዜ ወደ ላይ ተዘርግቶ ስለቆየ ሳይዝልብዎት አልቀረም። እኛ የታገደው የፊልም ክበብ አባላት ደህና ነን። ይህን ደብዳቤ ሰሌዳው ላይ የለጠፍኩት «ማንኛውም አቤቱታ በጽሑፍና በግልጽ ይቅረብ» የሚለውን የራስዎን ማስታወቂያ አክብሬ ነው። ቦታ ስለጠበበኝ ማስታወቂያውን በትንሹ ሸፍኜዋለሁ፤ መሸፈንን የተማርኩት ከእርስዎ ነው።

ነገሩን ላልሰሙ አላፊ አግዳሚዎች ባጭሩ ላስረዳ። ክበባችን በውሰት ያገኘው የዘመናችን ካውቦይ ፊልም ነበር። አንድ ከብት አርቢ ፒክአፑ ተበላሽቶበት ፈረስ ላይ ይወጣና፣ ላሞቹን አንድ በአንድ ወደ ደረቅ ጉድጓድ እየጎተተ የሚበላውን ነገር ፍለጋ ይሄዳል። ክቡርነትዎ ፊልሙን ቤትዎ አይተው «ሦስት ቦታ ላይ ለሕፃናት አይሆንም፤ እዚያ እዚያ ጋ እኔ ራሴ እከልላለሁ» በማለት ፈቀዱልን። ረቡዕ ዕለት ደግሞ «ሕፃናትን በአስፈሪ ምስል በማስደንገጥ» በሚል ክበባችንን አገዱ፤ አዳራሹም ከሰኞ ጀምሮ የወንበር ማከማቻ እንዲሆን ወሰኑ። ምስጋናዬን በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

1. ስለ መክፈቻ ንግግርዎ አመሰግናለሁ። አምስት ደቂቃ የተባለው ንግግር ሃያ ሁለት ደቂቃ መፍጀቱን ቅሬታ አላልኩትም። በእኛ ዕድሜ ሳሉ ፊልም ለማየት ስንት ሰዓት በእግርዎ ይጓዙ እንደነበር ሰምተናል፤ መንገዱ ከዓመት ዓመት እየረዘመ መምጣቱ ብቻ ይገርመናል። ችግሩ ከፕሮጀክተሩ ጠረጴዛ ሥር ወድቆ ያገኘነው ወረቀትዎ ነው። በሚያምር የእጅ ጽሑፍዎ «8፡31 ጉድጓድ፤ 8፡52 ጥርስ፤ 9፡20 እጅ (የሰው ያልሆነ)» ይላል። ይህን ያሰሉት ፊልሙ 8፡05 ላይ ይጀምራል ብለው ነበር። ንግግርዎ አልቆ ፊልሙ የጀመረው 8፡22 ላይ ነው። እርስዎ ግን ሰዓት አክባሪ ሰው ነዎትና በእጅ ሰዓትዎ ጸኑ።

2. በዚህም ምክንያት 8፡31 ላይ ባርኔጣዎን ፕሮጀክተሩ ፊት ይዘው የከለሉልን ሰውዬው ፈረሱን ውኃ ሲያጠጣ ነው። 8፡52 ላይ ደግሞ እናቱ ጋ ደውሎ ጉልበቷ እንዴት እንደሆነ ሲጠይቃት ከእኛ ሰወሩት። ጉድጓዱንና ጥርሱን በየተራቸው ያለ አንዳች ከለላ አየናቸው። ጭራቁ የጎማ መሆኑ ከሩቅ ስለሚያስታውቅ፣ ሕፃናቱ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቅቷቸው «አንዴ ድገሙልን» ሲሉ እርስዎም ሰምተዋል። ዕድሜውን ሙሉ ፈረስ ሲያሠለጥን የኖረው አያቴ ብቻ አኩርፎ ነበር፦ «ምነው ልጄ፣ ፈረሱ ጠጥቶ ሳይጨርስ አጠፉት?»

3. አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የማሽኑ ሙቀት ባርኔጣዎን እንዳይጎዳብዎት ሁለት እርምጃ ራቅ ብለው ስለቆሙ፣ ግድግዳው ላይ ያረፈው ከኮርኒስ እስከ ወለል የሚደርስ ጥቁር ባርኔጣ ነበር። 9፡20 ሲሆን ሰውዬው መስተዋት ፊት ቆሞ ጢሙን ይላጫል። ከኋላው ባርኔጣው ቀስ ብሎ ተነሣ። ክንድዎ ዝሎ ስለነበር ይንቀጠቀጣል። ከዚያ እጅ ሲቀይሩ፣ እያንዳንዳቸው የበር መቃን የሚያህሉ አምስት ጣቶች መጥተው አንገቱ ላይ ዐረፉ። ከወረቀትዎ በሰዓቱና በቦታው የተፈጸመው ይኸው ሦስተኛው ብቻ ነው።

የስድስት ዓመቷ እህቴ «ባርኔጣው መጣ» ብላ ስትጮኽ አዳራሹ በአንድ በር ወጣ፤ ፊልሙም እዚያው ላይ ተቋረጠ። ዘበኛው እንኳ «ምን አይታችሁ ነው ብዬ ልጠይቅ ስል፣ ለካ እኔም እየሮጥኩ ነው» ብሎ መስክሯል። አያቴ ብቻ ከመቀመጫው ሳይነቃነቅ «ፈረሱ ጎበዝ ነው፤ ያ ባለባርኔጣ ግን ትወናውን አበዛው» አለ።

4. ሁለት ወንበሮች ተሰብረዋል። አዳራሹን ለተረፉት መስጠትዎ ለወንበሮቹ ያለዎትን ርኅራኄ ያሳያል። እኛ እንኳ ከዚህ አዳራሽ ሌላ አብረን የምንቀመጥበት ቦታ የለንም። ደረጃ ላይ ብንቀመጥ ሥራ ፈት፣ መንገድ ላይ ብንቆም ዱርዬ፣ ቤት ብንውል ስልክ የበላው ትውልድ ትሉናላችሁ። ወንበር ብንሆን ኖሮ ቢያንስ ጣራ ይኖረን ነበር።

ስለዚህ በታላቅ ትሕትና የምለምነው አንድ ነገር ነው። ፊልሙ እሑድ ለባለቤቱ ይመለሳል፤ መጨረሻውን ያየ ደግሞ ከእርስዎ በቀር ማንም የለም። ይህን ቅዳሜ በስምንት ሰዓት አዳራሹን ይፍቀዱልን፤ ፊልሙ ያለ ንግግር ይጀመር። እርስዎም የክብር እንግዳ ሆነው የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ባርኔጣዎን ጉልበትዎ ላይ አድርገው ይቀመጡ። አንድ ሕፃን እንኳ ቢጮኽ እኔ ዘንድ ያለውን የአዳራሹን ቁልፍ ራሴ አስረክባለሁ፤ የተሰበሩትንም ወንበሮች በእጄ እጠግናለሁ።

ንግግርዎን እስከ መጨረሻው ቆሜ ያዳመጥኩ፣
ፊልሙን ግን እስከ መጨረሻው ያላየሁ፣
ታዛዥዎ የታገደው ክበብ ጸሐፊ

ማሳሰቢያ፦ እህቴ ትናንት «ባለባርኔጣው በመጨረሻ ሞተ ወይ?» ብላ ጠየቀችኝ። ልጅን መዋሸት ነውር ነውና፣ አልሞተም፣ እዚሁ ማዕከሉ ውስጥ ሦስተኛው በር ገብቶ ማኅተም ይመታል አልኳት። ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ በቢሮዎ በኩል ሳይሆን በጓሮ ዞራ ነው የምታልፈው። ጭራቁን ግን በደብተሯ ሥላዋለች፤ ፈገግ ብሏል።