የጠፋው ወንድሜ ሳይፈርም ቤታችን የጋራ ርስት እንዲሆን

ለአውራጃው የፍትሐ ብሔር ፍርድ ቤት
ዌልስ
ኖቬምበር 14 ቀን 2019

አመልካች፦ ኔስታ ፓሪ፣ ነዋሪነቴ ባርማውዝ

ጉዳዩ፦ ያለበት ያልታወቀው የጌቲን ፓሪ ፈቃድ በችሎቱ ትእዛዝ እንዲታለፍ ስለመጠየቅ

ክቡር ዳኛ ሆይ፣

1. ባሕሩን ፊት ለፊት የሚያየው ቤታችን ሦስት መኖሪያ አለው። ከታች ጡረተኛው የአውቶቡስ ሾፌር ሚስተር አለን ፕሮሰር፣ መካከል እኔ፣ ከጣሪያው ሥር ታናሽ ወንድሜ ጌቲን። ሦስታችንም የያዝነው በሊዝ ነው። ዘመኑ ሲያልቅ ግድግዳውም በሩም ለመሬቱ ባለርስት ይመለሳል። እስከዚያው ጣሪያው ቢያፈስ የሚያድሰው እሱ ነው፤ አላደሰውም።

2. ጌቲን መኖሪያውን ሸጦ ወደ ሥራው ሊጠጋ አስቦ ነበር። የቀረው ዘመን አጭር ስለሆነ ለገዢው የሚያበድር ባንክ ጠፋ። ያን ቀን ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ “ኔስታ፣ እኔ እኮ ቤት አልገዛሁም። ዓመት ነው የገዛሁት፤ እሱም እያለቀብኝ ነው” አለኝ። ሻይ ላፍላልህ ስለው “ስመለስ” ብሎ ኮቱን ለብሶ ወጣ። ይኸው ስድስተኛ ክረምታችን ነው።

3. ፖሊስ ፈልጎታል። እኔም በየሆስፒታሉና በየመጠለያው ጠይቄአለሁ፤ በጋዜጣም አስነግሬአለሁ። የፍለጋው ማስረጃ ተያይዟል።

4. ዘንድሮ ሽማግሌው ባለርስት ሞተና ልጁ መሬቱን ሊለቅልን ተስማማ። እንግዲህ እንደ ሕጉ ቤቱን የጋራ ርስት ማድረግ እንችላለን፤ ይኸውም እያንዳንዳችን መኖሪያችንን ያለ ዘመን ገደብ እንይዛለን፣ ጣሪያው፣ ደረጃውና መሬቱ ደግሞ በነዋሪዎች ማኅበር የሁላችን ይሆናል። ሆኖም የባለሊዞቹ ሁሉ ፈቃድ ያስፈልጋል። ሚስተር ፕሮሰርና እኔ ፈርመናል። የጌቲን ቦታ ባዶ ነው።

ክቡር ዳኛ፣ ይህን ማመልከቻ ለመጻፍ ብዙ ዘገየሁ። “ሊገኝ አልቻለም” የሚለውን ቃል ልጽፍ ስል እጄ እምቢ አለኝ። ሚስተር ፕሮሰር ሳል የያዛቸው ሰው ናቸው፤ የእርጥበቱ ሽታ እሳቸው ቤት ድረስ ወርዷል። አንድ ጠዋት በራፌ ላይ ቆመው “ኔስታ የኔ ልጅ፣ ወንድምሽን ቅበሪ አላልንሽም። ፈርሚ ነው ያልንሽ” አሉኝ።

ከችሎቱ የምደብቀው ነገር እንዳይኖር አንድ ነገር ልጨምር። ዝናብ ሲበረታ ከራሴ በላይ ወንበር ሲጎተት እሰማለሁ። ቁልፉ ያለው በእኔና በጌቲን እጅ ብቻ ነው። ባለፈው ወር ወደ ላይ ወጥቼ በሩን ከፈትኩ። ጠረጴዛው ሥር ገፍቼው የነበረው ወንበር መስኮቱ አጠገብ ፊቱን ወደ ባሕሩ አዙሮ ቆሟል። ሚስተር ፕሮሰርን ጠራኋቸው። ወለሉን በጫማቸው ረገጥ ረገጥ አድርገው “ውኃ ጠጥቶ አብጧል፣ ዘሟልም። ወንበሩ ራሱ ተንሸራቶ ነው” አሉ። እንደዚያ ሊሆን ይችላል። ሲወርዱ ግን አንድ ጊዜ ዞር ብለው መስኮቱን አይተዋል። እኔ ወንበሩን ሳልነካው በሩን ቆለፍኩ።

ስለዚህ በመሐላ የማረጋግጠው ይህን ብቻ ነው፦ ፈልጌዋለሁ፤ አላገኘሁትም። ሞቷል አልልም፤ ችሎቱም ሞቷል ብሎ እንዲወስንልኝ አልጠይቅም።

የምጠይቀው፦

ሀ) የጌቲን ፓሪ ፈቃድ ታልፎ ቤቱ ወደ ጋራ ርስትነት እንዲዛወር፤

ለ) የላይኛው መኖሪያ ለእኔም ለማኅበሩም ሳይሆን በራሱ በጌቲን ስም እንዲመዘገብ። በሊዙ ሥር እርሱ በሌለበት እንኳ ዘመኑ እየተቆጠረበት ነው። በጋራ ርስት የሚያልቅ ዘመን የለም። የማኅበሩን መዋጮ እሱ እስኪመጣ እኔ እከፍልለታለሁ፤ ጣሪያውንም እናድሳለን።

ሐ) የላይኛው መኖሪያ በር ቁልፍ እንዳይለወጥ በትእዛዙ እንዲጻፍልኝ። ሚስተር ፕሮሰር ይህ ለፍርድ ቤት የሚቀርብ ነገር አይደለም ብለውኛል። ቢሆንም አቅርቤዋለሁ።

የችሎቱን ውሳኔ በትዕግሥት እየጠበቅሁ፣ ከአክብሮትና ከሰላምታ ጋር፣

ኔስታ ፓሪ
(ፊርማ)