ባዶ አንገት

ማክሰኞ
ቅዳሜ ሊነቅሱኝ ነው። አማቴ ምሳ እየበላን ነው የነገረችኝ፣ ወጡ ጨው አነሰው እንደማለት። ነቃሿ ከጎብዬ ትመጣለች። አንገቴንም ጉንጬንም። አንገቴን በነጠላዬ ሸፈንኩ። የባሌ እህት ትርንጎ ሳቀች፣ «ባዶ አንገት! የተነጨ ዶሮ መስለሽ ልትኖሪ ነው?»
ሁሉም የመጣው በዚያች ስዕል ነው። ሳሎን የተሰቀለችው፣ የባሌ የቅድመ አያቱ እናት ናት ይላሉ፣ የዛሬ መቶ ምናምን ዓመት ፈረንጅ የሠራት። ጉንጯና አንገቷ ጭረት በጭረት ነው። የአማቴ ሟች ባል «ይቺ በመርፌ ነው የተሠራችው፣ መዳብ ሰሌዳ ላይ ተወግታ ነው ወረቀት ላይ የታተመችው» ይል ነበር አሉ። በመርፌ ከሆነማ ንቅሳት ነው አሉ። የዚህ ቤት ሙሽራ እንደሷ ትወጋለች። አማቴም አለባት፣ አረንጓዴ፣ ከቆዳዋ ጋር አብሮ የተጨማደደ።

ረቡዕ
ባሌ ጋ ደወልኩ። አፋር ነው ያለው፣ የጭነት መኪና ረዳት ነው። «እማዬ ያለችሽን አድርጊ፣ ትንሽ ነው የሚያመው» አለኝ። አንተ ተወግተሃል ወይ ልለው ስል ኔትወርኩ ሄደ።
እናቴ ዋጃ ናት። ብሄድ በመጣሁበት ሚኒባስ ትመልሰኛለች።

ሐሙስ
የስዕሏን መስታወት ልወለውል ወንበር ላይ ወጣሁ። ቀርቤ አይቻት አላውቅም። ከሩቅ ጥቁር የመሰለኝ ጥቁር አይደለም! ሁሉም መስመር ነው። ቀጭን ቀጭን፣ እንደ ሹሩባ ጎን ለጎን የሚሄድ፣ ጉንጯ ሲዞር አብሮ የሚዞር። አገጯ ሥር ሌላ መስመር በላዩ ይሻገራል፣ እዚያ ይጨልማል። በግራ ጉንጯና አንገቷ በኩል፣ ብርሃኑ በሚያርፍበት፣ ምንም መስመር የለም፣ ወረቀቱ ራሱ ነው የሚያበራው። ነጠላዋ ወደ ታች እየሳሳ ይጠፋል፣ ዓይኔ እየተመለሰ ፊቷ ላይ ያርፋል። እየፈራሁም ታምራለች አልኩ።
ከዚያ ልብ አልኩ። መስመሩ ነጠላዋም ላይ አለ። ከኋላዋ ግድግዳውም ላይ አለ። ግድግዳ ይነቀሳል እንዴ? ጥላ ነው! ጥላውን ነው ፈረንጁ በመስመር የሠራው!

ዓርብ
ለአማቴ ነገርኳት። «እማማ፣ ግድግዳውንም ይዩት በማርያም።» ትርንጎ «አራተኛ ክፍል ወድቃ የስዕል አስተማሪ ሆነች» አለች። አማቴ ስዕሏን አውርዳ ደጅ ወጣች፣ ፀሐይ ላይ። ቆየች። እጇ አንገቷ ላይ ነበር።
ስትመለስ «እውነትሽን ነው» አለች። እግሯ ላይ ልወድቅ ስል፣
«እኔን ሲወጉኝ ልጅ ነበርኩ። አራት ሆነው ይዘውኝ። ማንም ግድግዳውን እዪ አላለኝም። ነገ ትቀመጫለሽ።»

ቅዳሜ
ነቃሿ መጣች። የንቅሳቱ ጥላሸት በኩባያ። ስዕሏን ወንበር ላይ አቆሟት። ትርንጎ እጄን ጠፍራ ያዘች፣ «አይዞሽ ዶሮዬ» እያለች። ነቃሿ በግራ በኩል ከአገጬ ሥር ጀመረች። ጮህኩ፣ ጮህኩ። አንድ መስመር ጨርሳ ሁለተኛውን ልትጀምር ስትል አማቴ «አቁሚ!» አለች። «በብርሃኑ በኩል ነው የወጋሻት! ስዕሏ ላይ እዚያ ጋ መስመር የለም!»
ነቃሿ «የምን ብርሃን?» አለች።
አማቴ ስዕሏን አየች፣ እኔን አየች፣ የራሷን አንገት ግራና ቀኝ ዳሰሰች። «እኔንስ በሁለቱም በኩል» አለች፣ ለማንም አይደለም። ከዚያ «ተበላሽታለች፣ ተያት» አለች።

እሁድ
አንገቴ አብጧል። አንድ መስመር፣ እሱም ጠማማ። ትርንጎ አዲስ ስም አወጣችልኝ፣ «ጅምር»። አማቴ ቅቤ ቀባችኝ፣ ቁስሉ ላይ ጫን እያለች። ስዕሏ ቦታዋ ተመልሳለች። ነቃሿ ስትሄድ መርፌውንና ጥላሸቱን አልወሰደችም። ከስዕሏ ሥር ተቀምጧል። ማን ተይው እንዳላት አልጠየቅኩም።