ጓሮው አይቆፈርም

ቆሰበር፣ ግንቦት 12 ቀን

ለልጄ አባት፤

እንደምን ከርመሃል? የመተማ ወባስ ተወችህ ወይ? እኔን ካልከኝ፣ ቆሜ እሄዳለሁ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ኔትወርክ ከጠፋ ወዲህ ወዳንተ የሚወርድ ሰው ክንዴ ብቻ ነውና ይህንንም በእሱው ሰድጄዋለሁ።

ሰኔ ሳይገባ ከመስኮቱ ሥር ያለውን ጓሮ ቆፍሬ ለዲከረንስ ችግኝ እንዳሰናዳ ማዘዝህን ነግሮኛል። ጓሮው አይቆፈርም። ሌላውን መሬት ሁሉ የከሰል እንጨት አልብሰው፣ ምን አገባኝ፤ ያችን ጥግ ግን አትንካብኝ።

አበባ ተክዬባታለሁ። ሳቅብኝ እንግዲህ። ዘሩን የሰጠችኝ ችግኝ ጣቢያ የምትሠራው ምሕረት ናት፤ ሰማያዊ፣ እንደ ደወል የተደፋች፣ ከስንዝር የማትበልጥ የተራራ አበባ። ብርዱን ትወደዋለች፤ ውኃ ከተኛባት ግን ትበሰብሳለች። ስለዚህ ከወንዝ ጠጠር በጆንያ እየተሸከምኩ አፈሩን ከፍ አደረግሁት። ቀንድ አውጣ እንዳይበላት ዙሪያዋን አመድ እነሰንሳለሁ። ምሕረትን አጥብቄ የጠየቅኋት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሥሯ ወደ ታች ይርቅ እንደሆነ። አይርቅም አለችኝ። ጎረቤቱ ጎመን ሳይኖራት አበባ ታለማለች እያለ ያማኛል፤ ያማኝ።

ባለፈው በክንዴ ደህና ነን ብዬ የላክሁልህ ውሸት ነው። ፈርቼህ ነበር። በዚያ በረሃ ብቻህን ሆነህ እንዳትሰማውም ብዬ ነው።

ኅዳር ላይ ልጃችንን ትኩሳት ያዛት። መንገድ ተዘግቶ ባጃጅ አልነበረም፤ አዝዬያት በእግሬ ጤና ጣቢያ ደረስኩ። ሐኪሟ ጨርቁን ገልጣ አየቻትና መልሳ ሸፈነቻት። ሰባ አንድ ቀኗ ነበር። ክርስትና ልታነሳት የነበረችው ዘውድነሽ ለሰማንያዋ የገዛችላትን ነጭ ነጠላ አመጣች፤ በዚያው ጠቀለልናት። ቄሱ አብረውን አለቀሱ፤ ግን ያልተጠመቀች ከቅጥሩ አትገባም፣ ከውጭ ከገደሉ አፋፍ ይሁን አሉ። ጅብ በሚዞርበት አልተዋትም አልኩ። ይዣት ወደ ቤቴ ተመለስኩ። ጉድጓዱን እኔና ዘውድነሽ ነን የቆፈርነው።

አበባዋ በዚህ ሳምንት ፈነዳች፤ ሁለት ናት።

በቤተ ክርስቲያን ላስጠራት የክርስትና ስሟን ጻፊልኝ ብለሃል አሉ። ቄሱ ሊያወጡላት ዘጠኝ ቀን ቀርቶ ነበር። የላትም።

አምላክ በደህና ለቤትህ ያብቃህ፤ እኔንም ይቅር እንድትለኝ ልብህን ያራራልኝ።

የልጅህ እናት