የእንግዳ ተቀባይዋ ወንበር

አንቺዬ፣ ከሁለታችን የታደለችው የትኛዋ ናት፣ ሥራ የያዝሽው አንቺ ወይስ አገር ልይ ብዬ የወጣሁት እኔ?

ያረፍኩበት ሆቴል እንግዳ ተቀባይ በእኛ ዕድሜ ናት። ዛሬ ጠዋት ካርታውን ዘርግታ፣ "ከተማ፣ ተራራ ወይስ ባሕር?" አለችኝ። የቀረኝ ጊዜ ለሁለቱ ብቻ ስለሚበቃ፣ "አንቺ የቱን ወደድሽው?" አልኳት።

"እኔ እቴ! ከዚህ ወንበር መች ተነስቼ! ቀናሁብሽ።"

"እኔ ደግሞ በወንበሩ ቀናሁ" ስላት ከት ብላ ሳቀችና ተነስታ አስቀመጠችኝ። ወዲያው ባልና ሚስት ደርሰው "የት እንሂድ?" ሲሉኝ ምን ብል ጥሩ ነው? እግሬ ያልረገጠውን ተራራ "እንዳያመልጣችሁ!" ብዬ ላክኋቸው። አምነውኝ ሄዱ። በሕይወቴ እንደዚያ ኮርቼ አላውቅም፤ አንቺ ግን በየቀኑ እንዲህ እንደምትኮሪ ትዝ ሲለኝ ቅናት አንገበገበኝ።

አልደብቅሽም፤ ለሥራው አብረን ተፈትነን አንቺ ስታልፊ "እንኳን ደስ አለሽ" ያልኩሽ ከአንገት በላይ ነበር። ሳልሰናበትሽ የወጣሁትም ለዚሁ ነው። አሁንም ቅናቱ ጨርሶ ለቀቀኝ አልልሽም። ግን እዚህ ሙቀቱ ልብስን ከገላ ያጣብቃል፤ ከአንቺ ጋር በሰፈራችን ብርድ መንቀጥቀጥ ይሻለኝ ነበር።

ከተማውንና ተራራውን አይቼ እመለሳለሁ፤ ባሕሩን ብቻዬን አላየውም። ወረቀቱ ላይ ቦታ አለቀብኝ፤ እናትሽን ሳሚልኝ፣ ያንን ነገረኛ ወንድምሽንም። ፊት ለፊት ስንገናኝ አፌ ይያዛልና በጽሑፍ መልሺልኝ፦ ይቅር ካልሽኝ፣ የዓመት ፈቃድሽ መቼ ነው?