አንተማ ታውቀዋለህ

ሞጣ፣ መጋቢት ፲፮ ቀን ፲፱፻፷፫ ዓ.ም.

ውድ ወንድሜ ወልደ ኪዳን፣

እንደምን ሰንብተሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ፤ ልቤ ግን ደኅና አይደለም። ለሰኔው የስምንተኛ ክፍል ፈተና እንደገና ተመዝግበህ እንደነበር፣ አሁን ግን ጭንቅላቴ ድፍን ነውና ልተወው ነው ብለህ የጻፍክልኝ ደርሶኛል። መልስ ያዘገየሁት ምን እንደምልህ ጠፍቶኝ ነው። ትናንት ክፍል ውስጥ አንድ ነገር ሆነና መልሱን አገኘሁት። ሳገኘው አፈርኩ።

ከማሠልጠኛ ወጥቼ እዚህ ማስተማር ከጀመርኩ ገና መንፈቄ ነው። ስለ አጠናን ዲስኩር እወዳለሁ። አንብቡ፣ መጽሐፉን ዝጉ፣ ለጓደኛችሁ በቃላችሁ ንገሩ እላቸዋለሁ። ያንተው ዘዴ ነው፤ ስምህን ግን አንድ ቀን ጠርቼ አላውቅም። ከቅኔ ቤት ወጥተህ በዚያ ቁመትህ ከኛ ከልጆቹ ጋር ስትቀመጥ ክፍሉ ሲስቅብህ፣ እኔ ካጠገብህ አልጠፋም ነበር። ቅኔ ቤት ተማሪ ቀን ያሰበውን ማታ ለአስነጋሪው ተናግሮ ሳይታረም አያድርም እያልክ፣ ከቢቸና ጊዮርጊስ ጥድ ሥር ጂኦግራፊውንም ሳይንሱንም እንደ ቅኔ ታስነግረኝ ነበር። መጽሐፉ ላይ ተደፍቼ ስቀር፣ "ዶሮ እንኳ ውሃ ስትጠጣ ቀና ትላለች፤ አንተ ምነው?" ትለኛለህ። መጽሐፉ ባንተ እጅ፣ ምላሱ የኔ። ስዘል "ወዲህ ተመለስ" ትለኛለህ።

ተራህ ሲደርስስ? "አንተማ ታውቀዋለህ" እልሃለሁ። ፈገግ ብለህ መጽሐፉን ታጥፋለህ። ቅኔ ቤት አስነጋሪ ሆኖ ሌላውን ሲያርም የኖረ ሰው በልጅ መታረም ይከብደዋል፣ ክብሩን ልጠብቅለት ብዬ ነው እያልኩ ራሴን ስደልል ኖርኩ። ውሸት ነው። ኳስ ሜዳው እየጠራኝ ነበር።

እኔ አለፍኩ፤ አንተ ወደቅህ። ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ወደ ደብረ ማርቆስ ስሸኝ አጎትህ መሪጌታ ወልደ ሰንበት፣ የኛውማ ቅኔውን ጥሎ አስኳላ ገብቶ ከሁለት ያጣ ሆነ ብለው ድግሱን ሲያስቁት፣ ያስጠናኝ እሱ ነው ማለት ይገባኝ ነበር። ጠላዬን አቀርቅሬ ጠጣሁ። ይኸው እኔ "ጋሼ" ተባልኩ፤ አንተ የፍርድ ቤት ተላላኪ ሆነህ ቀረህ።

አሁን የትናንቱን ልንገርህ። ደስታነሽና አምሳለች የሚባሉ ሁለት ተማሪዎች አሉኝ፤ በየዕረፍቱ አጥር ሥር አብረው ያጠናሉ። ፈተና ሰጠሁ። ደስታነሽ አንደኛ ወጣች፤ የአምሳለች ወረቀት ግን ባዶ ለመሆን ምንም አልቀረው። ሰነፍ መስላኝ ልቆጣት ጠራኋት።

"ጋሼ፣ ደስታነሽን ያስጠናኋት እኔ ነኝ" አለችኝ እንባዋ እየመጣ። "መጽሐፉን ይዤ ስሰማት ሁሉንም አውቀዋለሁ።"

"ተራሽ ሲደርስስ?"

"አንቺማ ታውቂዋለሽ ትለኛለች።"

ጠመኔው ከእጄ ወደቀ ብልህ ማጋነን ይሆንብኛል፤ ግን ሰሌዳው ላይ ምን ልጽፍ እንደነበር ረሳሁት።

መጽሐፍ የያዘ ሰው ዓይኑ ስላየው ብቻ ያወቀው ይመስለዋል፤ የሚለየው ሲዘጋ ነው። ይህን ለኔ የነገርከኝ አንተ ራስህ ነህ፤ ለራስህ የሚዘጋልህ ግን አጣህ። ወልደ ኪዳን፣ ጭንቅላትህ ድፍን አይደለም። የሚሰማህ ሰው አልነበረህም።

ዛሬ መጽሐፉን ለደስታነሽ ሰጥቼ ልጆቹን አቀያየርኳቸው። አምሳለች ተንተባተበች፤ ደስታነሽም ልትነሣ ስትል አላስነሣኋትም። በመጨረሻ አምሳለች ግማሹን ተወጣችው፣ እያላባትም ቢሆን።

እባክህ ስምህን እንዳታሰርዝ። ለፋሲካ ዕረፍት እመጣለሁ። የጭነት መኪና እስከ ጉንደ ወይን ካደረሰኝ ይበቃኛል፣ የቀረውን በእግሬም ቢሆን እጨርሰዋለሁ። ጥዱ ሥር ጠብቀኝ። መጽሐፉን እኔ እይዛለሁ። ብትንተባተብ እታገሥሃለሁ፤ ብትዘል "ወዲህ ተመለስ" እልሃለሁ፤ ብትቆጣም እችለዋለሁ። ያቺን ቃል ግን ሁለተኛ ከአፌ አትሰማትም።

ተራህን የወሰደብህ፣
ስማቸው