ቁልፍ ብንጠይቅዎ ቁልፍ ስለላኩልን

ለተከበሩ ሙሴ ኑረዲን፣
በካርቲየ 4 ሰፈር የዩኒፎርም ስፌት ቤታችን ሥራ አስኪያጅ፣
ባሉበት

ጤናዎ እንዴት ነው? የቤተሰብዎስ? የቢሮዎ ኤሲስ ደህና ይነፍሳል? እኛ በዚህ በወደብ ከተማ የነሐሴ ሙቀት ከካውያው ጎን ተቀምጠን፣ ከሥራው መቆም በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ድሬዳዋ ያደጉ ሰው ስለሆኑ አማርኛዬ እንደማይከብድዎ አምኜ፣ ቢሮዎንም ደጋግሜ ባንኳኳ ስብሰባ ላይ ነዎት ስለተባልኩ፣ ይህችን ደብዳቤ ሁሉም እንዲያያት በስፌት ቤቱ በር ላይ ለጥፌያታለሁ። ስብሰባው ሥራን በቀኑ ስለማድረስ መሆኑን ሰምቼ እጅግ ተደስቻለሁ።

1ኛ፦ ለትምህርት ቤቶቹ ሸሚዞች የታዘዘው ቁልፍ ወደብ ላይ ከወረደ ሰንብቷል። ወደቡ ሩቅ አገር አይደለም፤ ሰፊዋ ዘቢባ እዚያው አጠገብ ካለው ከአርሂባ ሰፈር በእግሯ እየመጣች ነው የምትሠራው። ቁልፍ ስላለቀብን ሥራ ቆሟል ብለን በስልክ ብናመለክትዎ፣ ቁልፍ ሠሪ ልከው ለእያንዳንዳችን የበሩን ቁልፍ አስቀረጹልን። ለፍጥነትዎ እናመሰግናለን። የሥራ ባልደረባችን ቶላ ደግሞ አንዱን ቁልፍ ሸሚዝ ደረት ላይ ለጥፎ «ይሄ በየትኛው ቀዳዳ ይገባል እናቴ?» እያለ ሴቱን ሁሉ በሳቅ ገደለን። እኔም ስቄያለሁ፣ ምን ልደብቅዎ። አሁን በሩን መክፈት የማትችል ሴት የለችም፤ መዘጋት ያቃተው ሸሚዙ ብቻ ነው።

2ኛ፦ ሥራው እንደ ውሃ ይፍሰስ ብለው ስላመጡት አዲስ አሠራር። ድሮ እያንዳንዳችን አንዱን ሸሚዝ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንሠራ ነበር። አሁን ሙኒራ እጅጌ ብቻ፣ እኔ ኮሌታ ብቻ፣ ዘቢባ መግጠም ብቻ። አልዋሽም፣ እጅ ይፈጥናል። ነገር ግን የቁልፍ ቀዳዳ የሚያወጣው መኪና አንድ ነው፤ እሱን የሚችለውም ቶላ ብቻ ነው፤ እርስዎም ጫት በገባ ቁጥር እንዲያመጣልዎ የሚልኩት ይህንኑ ቶላን ነው። ውሃው ያኔ ይቆማል። ሸሚዙ ወንበሩ ሥር ሲከመር ሙኒራ «ይሄን ክምር አንጥፌ ልተኛበት ነው መሰለኝ» ትላለች፣ እኔ ደግሞ ሥራ የፈታ እጄን የማደርግበት አጥቼ ከበሩ መስኮት፣ ከመስኮቱ በሩ ስመላለስ እውላለሁ። ጫቱን ግን አደንቃለሁ፤ ጠዋት ሐረር አካባቢ ተቀንጥሶ፣ ድንበር ተሻግሮ፣ የምሳዎ ሳህን ሳይነሳ እጅዎ ይገባል። ለእነዚያ ሰዎች እግረ መንገዳችሁን የእኛንም ዕቃ ከወደብ አምጡልን ቢሏቸው ምን ነበረበት?

3ኛ፦ እንቅልፍ የነሳኝ እንኳ ይኼኛው ነው። ከዚህ በፊትም ስላዘገየንባቸው፣ ልጆቹ ትምህርት ሳይጀምሩ ሸሚዙ ካልደረሰ ሥራውን ለሌላ እንሰጣለን ብለዋል ትምህርት ቤቶቹ። ሥራው ከሄደ መጀመሪያ የምትሰናበተው መጨረሻ የገባችው ውዴ የምትባለው ልጅ ናት። ያቺ ቀጭኗ፣ ያውቋታል። ሃያብለ ሰፈር ሰው ቤት በሠራተኝነት ተቀጥራ ስትኖር የምትተኛው ወጥ ቤት ወለል ላይ ነበር፤ የእረፍት ቀን የሚባልም አታውቅም። እዚህ መጥታ ስፌት ከለመደች በኋላ እንኳ፣ ሥራ ሲያልቅ ማንንም ሳታስፈቅድ መውጣት እንደምትችል ለማመን ጊዜ ወስዶባታል። ሰሞኑን «እትዬ አበቡ፣ ሸሚዙ ይደርሳል?» እያለች ትጠይቀኛለች። ይደርሳል እላታለሁ። እርስዎን ተማምኜ መሆኑን ግን አልነገርኳትም፤ እንዳትደነግጥ ብዬ።

ስለዚህ በታላቅ ትሕትና የምለምንዎ፣ ቶላ መኪናው ላይ ይዋልልን፤ እርስዎም ከስብሰባው ሲወጡ ወደብ ጎራ ብለው ቁልፉን፣ የሸሚዙን ማለቴ ነው፣ ያስለቅቁልን። የቀረውን እኛ እናደርሰዋለን።

ለስብሰባዎ መልካም ፍጻሜ፣ ለኤሲዎ ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ፣ ሌላ ሰው አንገት የሚያስከብር ኮሌታ እየሰፋሁ የራሴን አንገት ደፍቼ የምጠብቅዎ፣

አክባሪዎ
አበቡ፣ ከበሩ አጠገብ ካለው መኪና

ከፊርማ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ባለቤትዎ ትናንት ውዴን አስጠርተው፣ ስፌት ቤቱ ጨርሶ ሲዘጋ እሳቸው ቤት እየኖረች በቤት ሠራተኝነት እንድትሠራ ጠይቀዋታል። ከእርስዎ ዘንድ ከቀኑ ቀድሞ የደረሰልን ነገር ይህ የመጀመሪያው ስለሆነ፣ እንኳን ደስ ያለዎ።