በሩ ሊከፈት ሲል መብራት ስለሚያበሩልን

ለተከበሩ የሰፈራችን ሲኒማ ቤት ሥራ አስኪያጅ፣

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? በተለይ ልብዎ? ይህን የምጠይቀው ለወጉ ያህል እንዳልሆነ ደብዳቤውን ሲጨርሱ ይረዱልኛል። እኔና ቤተሰቤ ደህና ነን፤ ደህና የሆንነውም በእርስዎ ጥንቃቄ ነው።

ያን ከልቦለድ የተወሰደ ዕድሜ ጠገብ አስፈሪ ፊልም ዳግም ለማሳየት በመፍቀድዎ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ይህን ደብዳቤ ከእርስዎ ትከሻ በላይ አሻግረው ለሚያነቡ ታሪኩ አጭር ነው፦ አንዲት አስታማሚ ብቻቸውን የሚኖሩ ሽማግሌ ቤት ትቀጠራለች፤ ኮሪደሩ ጫፍ ያለውን በር እንዳትከፍት ይነገራታል፤ ትከፍተዋለች። ከበሩ ጀርባ ያለውን ግን ልገልጽ አልችልም፤ እጀታው መዞር ሲጀምር እርስዎ «ለተመልካች ደኅንነት ሲባል» የአዳራሹን መብራት በሙሉ ያበሩታልና። ሸራው ነጭ አንሶላ ይመስላል፤ በድምፅ ማጉያውም «ውድ ተመልካቾቻችን፣ አትደንግጡ፤ ተዋናይዋ ሥራዋን ጨርሳ በሰላም ቤቷ ገብታለች» ይሉናል። መብራቱ ሲጠፋ በሩ ተዘግቶ፣ አስታማሚዋ ፀጉሯ ሸብቶ ደረጃውን ስትወርድ እናገኛታለን። ምን አይታ እንደሸበተች ከመካከላችን የሚያውቅ የለም።

ቅሬታ ለማለት አንደበቴ ባይደፍርም፣ ጥቂት ነጥቦችን በትሕትና አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ መብራቱ ሲበራ የምናየው እርስ በርሳችንን ነው። የሰውነት ማጎልመሻ መምህሩ ከማያውቋት ሴት ብብት ሥር ተሸጉጠው ታይተዋል። ጠበቃው ጎረቤቴ አንድ እግር ጫማቸውን አውልቀው ለውርወራ ተዘጋጅተው ነበር። አንድ ባል ደግሞ ሚስቱን ወንበሯ ላይ ትቶ መውጫው ጋ ደርሷል፤ ከዚያ ወዲያ እቤቱ እንዴት እንደሰነበተ ሄደው የጠየቁት አይመስለኝም። ጨለማው ሁላችንንም እኩል ጀግና አድርጎን ነበር።

ሁለተኛ፣ ልቦለዱን ያነበቡት የፊት ረድፍ ተመልካቾች ጉዳይ ነው። ድሮ «መጽሐፉ ላይ እንዲህ አይደለም» የሚሉት በሹክሹክታ ነበር፤ አሁን መብራት ስላገኙ ተነሥተው ያስተምሩናል። ባለፈው እሑድ አንድ ሰው ከበሩ ጀርባ ምን እንዳለ ቢጠይቃቸው ግን ጉሮሯቸውን ጠራርገው ተቀመጡ። ለካስ መጽሐፉ ላይ እጇ እጀታውን ሲነካ ምዕራፉ ያበቃል፤ ቀጣዩ በማግስቱ ቁርስ ላይ ይጀምራል። ስለዚህ፣ ክቡር ሆይ፣ ያ በር የሚከፈተው እርስዎ በሚያነጡት ሸራ ላይ ብቻ ነው።

ሦስተኛው የእኔ አይደለም፤ የአክስቴ ነው። ይህን ፊልም በወጣትነቷ፣ እዚሁ አዳራሽ ውስጥ፣ ከእጮኛዋ ጋር ልታይ ገብታ ነበር። በሩ ሊከፈት ሲል እጮኛዋ ካፖርቱን አውልቆ ራሷ ላይ ጣለባት። አግብቷትም፣ አብረው አርጅተውም፣ ምን እንዳየ በጠየቀችው ቁጥር መልሱ «ይቅርብሽ» ነበር። ልጅ ሲድሩ ጠየቀችው፤ ይቅርብሽ። ታሞ ሲተኛ ጠየቀችው፤ ይቅርብሽ። አምና ምስጢሩን እንደያዘ አረፈ። አክስቴ የፊልሙን ማስታወቂያ ባየች ቀን ፀጉሯን ተሠርታ፣ መነጽሯን አስጠርጋ መጣች። እጀታው ዞረ፤ እርስዎም አበሩ። ወደ ቤት ስንመለስ፣ «አንዱ በካፖርት፣ አንዱ በመብራት» ብቻ አለችኝ።

ታዲያ የትኛው ተመልካች ፈርቶ ነው ይህ ሁሉ የመጣው ብዬ ማጠያየቄን ይቅር ይበሉኝ። ቲኬት ቆራጯ ሳቋን በስካርፏ ሸሸገች። ፊልሙን የሚያንቀሳቅሱት ሰውዬ ግን እንዲህ ሲሉ አጫወቱኝ፦ በመጀመሪያው ዕለት ከኋላ መጋረጃውን ተደግፎ ሲመለከት የነበረ አንድ የተከበረ ሰው፣ እጀታው ሲዞር ሮጦ ማብሪያውን ተጫነ፤ በማግስቱም ስለ ደኅንነታችን የሚገልጸው ማስታወቂያ በር ላይ ተለጠፈ። እኔ በበኩሌ አላመንኳቸውም። አለማመኔን ግን ለሰፈሩ ሰው ሁሉ ነግሬያለሁ።

ፊልሙ ቅዳሜ ለመጨረሻ ጊዜ ታይቶ ወደ ባለቤቶቹ ይመለሳል ተብሏል። የምለምንዎ ትንሽ ነገር ነው፦ ለዚያች ቅጽበት ብቻ እጅዎን ኪስዎ ውስጥ ያድርጉልን።

ስለ ልቡ ሌላ ሰው በሚጨነቅለት መጠን ዘወትር እየተገረመ፣ በብርሃንዎ የተጥለቀለቀው፣

የሰባተኛው ረድፍ ታዛዥ ተመልካችዎ

ድኅረ ጽሑፍ፦ አክስቴ ቅዳሜ ከጎኗ ያለውን ወንበር ለእርስዎ ትይዝልዎታለች። የባሏን ካፖርት ከሳጥን አውጥታ አናፍሳዋለች፤ እጀታው መዞር ሲጀምር ራስዎ ላይ ጣል ታደርግልዎታለች። ከዚያ በኋላ ከበሩ ጀርባ ምን እንዳየች ከጠየቋት፣ መልሷ ከባሏ የወረሰችው አንዲት ቃል ናት።